ከተሞቹን በጎን ያለፈው መንገድ

ከአዲስ አበባ ወደ ምሥራቅ የሚወስደው ነባሩ አውራ ጎዳና ዱከምን፣ ቢሾፍቱንና ሞጆን መሐል ለመሐል አቋርጦ አዳማ ይገባል። ከተሞቹ ያደጉት ቀድሞ በባቡሩ፣ ኋላም በዚሁ አስፋልት ነው። ይሁንና የወደብ ጭነት የያዘ ተሳቢ፣ ታክሲ፣ ጋሪና ጤፍ የጫነ አህያ በአንድ መንገድ ስለሚጋፉ መጨናነቁና አደጋው እየበረታ ሄደ።

ለዚህ መፍትሔ እንዲሆን በ2002 ዓ.ም የአዲስ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ግንባታ ተጀመረ። ወጪው በመንግሥት በጀትና በቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር ተሸፍኖ መንገዱ በመስከረም 2007 ዓ.ም ተመረቀ። ከቱሉ ዲምቱ ተነስቶ ሦስቱን ከተሞች በጎን እየተወ አዳማ ይደርሳል። በአገሪቱ የመጀመሪያው የፍጥነት መንገድ ሲሆን በየአቅጣጫው ሦስት መስመር አለው። ተሽከርካሪ ከፍሎ ያልፍበታል፤ እግረኛ፣ ጋሪና ከብት ግን እንዳይገቡበት በአጥር ተከልሏል።

ከተማን የሸሸ መንገድ የሚያልፈው በእርሻ ላይ ነው። ይህም በጤፉ ስመ ጥር የሆነውን የአድአንና የሉሜን ማሳ አቋርጧል። በወቅቱ ይሠራበት የነበረው አዋጅ ቁጥር 455/1997 መሬቱን በቋሚነት ለሚለቅ አርሶ አደር የአምስት ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢውን አሥር እጥፍ የመፈናቀያ ካሣ ይፈቅድ ነበር። በኋላ የተተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ስሌቱን የሦስት ዓመት ከፍተኛ ገቢ አሥራ አምስት እጥፍ አደረገው።

በሁለቱም አዋጆች የካሣው መነሻ የአርሶ አደሩ ገቢ ነው። ምርቱን በማኅበሩ ሚዛን አስመዝኖ በደረሰኝ ያስረከበ አባል የሚያቀርበው ማስረጃ አለው። ቀያሽ ማሳ ከገባ በኋላ ደረሰኝ መፈለግ ግን የዘገየ ነው።