ጀይሑን ሲረጋ፦ የኢብኑ ፈድላን ረመዳንና ዒድ በሰው አገር

ኢብኑ ፈድላንን ብዙዎቻችን የምናውቀው በቮልጋ ወንዝ ዳርቻ ስላያቸው ሕዝቦች በጻፈው ነው። እኛ ዛሬ የምናነሳው ግን አንባቢ ቶሎ የሚያልፈውን ክፍል፣ ከቤቱ ርቆ የጾመውን ረመዳን ነው።

አሕመድ ኢብኑ ፈድላን በ309 ዓመተ ሒጅራ ሰፈር 11 (ጁን 921 እ.ኤ.አ) ከባግዳድ ወጣ። የቮልጋ ቡልጋሮች ንጉሥ (የዛሬዋ ቡልጋሪያ አይደለችም) ዲን የሚያስተምረው ሰውና ምሽግ የሚሠራበት ገንዘብ ጠይቆ ነበር፤ ኸሊፋ አል-ሙቅተዲርም መልእክተኞች ላከለት። የኢብኑ ፈድላን ሥራ የኸሊፋውን ደብዳቤ ማንበብ፣ ስጦታውን ማስረከብና አብረው የሚጓዙትን ፉቀሃእና አስተማሪዎች መቆጣጠር ነበር።

ቡኻራን አልፈው ጁርጃኒያ ሲደርሱ ብርዱ ያዛቸው። ከተማዋ የዛሬዋ ኩንያ ኡርጌንች ናት፣ በቱርክሜኒስታን። ረጀብን፣ ሸዕባንን፣ ረመዳንንና ሸዋልን እዚያው አሳለፉ። የጀይሑን ወንዝ (አሙ ደሪያ) ከዳር እስከ ዳር ረጋ፤ የበረዶው ውፍረት 17 ስንዝር ነበር ይላል። ፈረሱም፣ በቅሎውም፣ ጋሪውም በመንገድ ላይ እንደሚሄድ በወንዙ ላይ ይሄድ ነበር። የባግዳድ ሰው ይህን ሲያይ አስቡት! ከሐማም ወጥቶ ቤቱ ሲገባ ጺሙ አንድ በረዶ ሆኖ በእሳት ያቀልጠዋል። የሚተኛው በቤት ውስጥ ባለ ሌላ ቤት፣ ከዚያም ውስጥ በተተከለ የቱርኮች የሱፍ ድንኳን ነበር። በልብስና በቆዳ ተጠቅልሎም አንዳንዴ ጉንጩ ከትራሱ ጋር ይጣበቅ ነበር። በ12 ግመሎች እንጨት ሊያመጡ የሄዱ ሁለት ሰዎች የእሳት መለኮሻቸውን ረስተው ስለነበር፣ ሲነጋ ከነግመሎቻቸው ሞተው እንደተገኙም ሰምቶ ጽፏል።

እኛን የማረከን ግን ስለ ከተማዋ ሰዎች የጻፈው ነው። እዚያ ለማኝ ደጅ ላይ አይቆምም። ቤት ይገባል፣ እሳቱ ዘንድ ቁጭ ብሎ ይሞቃል፣ ከዚያ በኋላ ነው ዳቦ የሚለምነው። ወዳጁን ማክበር የፈለገ ሰውም ስለ ምግብ አያወራለትም፤ ቤቴ ጥሩ እሳት አለና ና እንጫወት ይለዋል። እንግዳ ለሆነ ጾመኛ ከዚህ የበለጠ ምን ይደረግለታል?

የዚያ ዓመት ዒደል ፊጥር የዋለው በፌብሩዋሪ 922 መጀመሪያ ገደማ ነው። ስለ ዒዱ ግን ምንም አልጻፈም፤ ስለ ቤተሰቡም እንደዚሁ። የጻፈው የመንግሥት ሪፖርት ነውና አይፈረድበትም። (በስዊድንም በሚኒሶታም ያላችሁ፣ ዒድ በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን ስለሚቀድም ወደ በረዶው ወራት እየገባላችሁ ነው።)

በሸዋል አጋማሽ ወንዙ መቅለጥ ጀመረ። ጉዞው ሲቃረብ ከባግዳድ አብረው የወጡት ፈቂህና አስተማሪ ወደዚያ አገር መግባቱን ፈርተው ተለዩ። እኛ በእነሱ ላይ ለመፍረድ አንቸኩልም፤ ያንን ብርድ ያየ ፈርቶ ቢመለስ አይደንቅም። ጉዳቱ ግን ግልጽ ነው፤ ንጉሡ የጠየቀው አስተማሪ ነበር። ኢብኑ ፈድላን ዙልቂዕዳ 2 ቀን ጉዞውን ቀጠለ። ልብስ በልብስ ላይ ስለደረበ ግመል ላይ ሆኖ መንቀሳቀስ አቅቶት ነበር። በሙሐረም 310 ቡልጋር ደረሰ፤ ሰላትና አዛን የማስተማሩም ነገር በእሱ ላይ ወደቀ።

የጉዞ ማስታወሻው በ1923 እ.ኤ.አ መሽሀድ ውስጥ ተገኘ። መጨረሻው ግን ጎድሏል፤ ወደ ባግዳድ የተመለሰበት መንገድ በዚያ ቅጂ ውስጥ የለም።

ወላሁ አዕለም።