ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ፦ አዲስ አበባ፣ ጥር 1954 ዓ.ም.

ሦስተኛው የአፍሪካ እግር ኳስ ዋንጫ ከጥር 6 እስከ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 14 እስከ 21 ቀን 1962) በአዲስ አበባ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም ተካሂዷል። አራት ብሔራዊ ቡድኖች የተሳተፉበት ይህ ውድድር ከመጀመሪያው ጨዋታ እስከ ፍጻሜው በጥሎ ማለፍ ደንብ የተመራ ነበር። ኢትዮጵያ እስከ ዛሬ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣችው በዚሁ ውድድር ብቻ ነው።

ከውድድሩ በፊት

ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን መሥራቾች ናቸው። በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ በተደረገው የመጀመሪያው ዋንጫ ደቡብ አፍሪካ በዘር መድልዎ ፖሊሲዋ ምክንያት ከውድድር ውጭ ሆነች፤ ተጋጣሚዋ የነበረችው ኢትዮጵያም ሳትጫወት ለፍጻሜ ደረሰች። በፍጻሜው ግን በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። በ1951 ዓ.ም. ካይሮ ላይ በተካሄደው ሁለተኛ ዋንጫም ሁለቱንም ጨዋታዎቿን አንዲት ግብ እንኳ ሳታስቆጥር ተረታች። በመሆኑም የ1954ቱ ውድድር ሲጀመር ኢትዮጵያ በአፍሪካ ዋንጫ መድረክ አሸንፋም ግብ አስቆጥራም አታውቅም ነበር።

ኢትዮጵያ በአስተናጋጅነቷ፣ ግብፅም የቀድሞውን ዋንጫ ባለቤት በመሆኗ ያለ ማጣሪያ ገቡ። ግብፅ በዚያን ጊዜ የምትጠራው የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ በሚል ስም ነበር። ቱኒዚያና ዩጋንዳ በማጣሪያ አልፈው ለመጀመሪያ ጊዜ ተካፈሉ። ዩጋንዳ ነጻነቷን የተቀዳጀችው ከውድድሩ ወራት በኋላ ነው።

የጨዋታዎቹ ሂደት

እሑድ ጥር 6 ቀን በተደረገው የመጀመሪያው ግማሽ ፍጻሜ ቱኒዚያ 2 ለ 0 መምራት ጀመረች። በጥሎ ማለፍ ለተሸናፊ ሌላ ዕድል የለምና፣ የአስተናጋጇ ውድድር በመጀመሪያው ቀን ሊያበቃ ተቃርቦ ነበር። ኢትዮጵያውያኑ ግን አከታትለው አራት ግቦች በማስቆጠር 4 ለ 2 አሸነፉ። ሐሙስ ጥር 10 ቀን፣ በከተራ ዕለት፣ ግብፅ ዩጋንዳን 2 ለ 1 ረታች። ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ቅዳሜ ጥር 12 ቀን፣ ቱኒዚያ ዩጋንዳን 3 ለ 0 አሸንፋ ሦስተኛ ደረጃ ያዘች።

ፍጻሜው እሑድ ጥር 13 ቀን ተደረገ። ለግብፅ በ35ኛው ደቂቃ ባዳዊ አብደልፋታህ አስቆጠረ። ኢትዮጵያ አቻ የሆነችው በ74ኛው ደቂቃ ነበር፤ ይሁን እንጂ ደስታው ገና ሳይበርድ በ75ኛው ደቂቃ ባዳዊ ሁለተኛውን ግብ አገባ። በ84ኛው ደቂቃ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ጨዋታውን 2 ለ 2 አደረገ። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ቫሳሎ በ101ኛው፣ መንግሥቱ ወርቁ ደግሞ በ117ኛው ደቂቃ አስቆጥረው ጨዋታው 4 ለ 2 ተጠናቀቀ። መንግሥቱና ባዳዊ እያንዳንዳቸው ሦስት ግቦች በማስቆጠር የውድድሩ ከፍተኛ ግብ አግቢዎች ሆኑ።

የአምበሉ ጉዳይ

የቡድኑ አሠልጣኝ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። ሉቻኖና ኢታሎ ከኢጣሊያዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት አሥመራ ውስጥ የተወለዱ ወንድማማቾች ናቸው። የፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ካበቃ ገና ሃያ አንድ ዓመት ያህል ነበርና፣ የኢጣሊያ ስም የያዘ አምበል ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ መቀበሉ ያልተዋጠላቸው ባለሥልጣናት እንደነበሩ በሰፊው ይነገራል። እንደሚወሳው ይድነቃቸው ስሙም ሆነ አምበልነቱ እንዲለወጥ የቀረበላቸውን ሐሳብ አልተቀበሉም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ዋንጫውን ለሉቻኖ ቫሳሎ አስረከቡ። ይድነቃቸው ከጊዜ በኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ በ1987 ሕይወታቸው እስኪያልፍም በዚሁ ኃላፊነት ቆዩ።

ከዚያ ወዲህ

ጋና ባስተናገደችው በቀጣዩ ዋንጫ የምድብ ጨዋታ ስለተጀመረ፣ የአዲስ አበባው ውድድር ሙሉ በሙሉ በጥሎ ማለፍ የተካሄደ የመጨረሻው የአፍሪካ ዋንጫ ሆነ። በዚያን ጊዜ ሁለት ጨዋታ ማሸነፍ ለዋንጫ ያበቃ ነበር፤ ሃያ አራት ቡድኖች በሚሳተፉበት አሠራር ግን አሸናፊው ሰባት ጨዋታዎችን ማድረግ አለበት። ይህ ልዩነት የ1954ቱን ድል አያሳንሰውም፤ በሁለቱም ጨዋታዎች ኢትዮጵያ ከኋላ ተነሥታ ነው ያሸነፈችው።

ኢትዮጵያ በ1960 እና በ1968 ዓ.ም. ውድድሩን ዳግም ብታስተናግድም ዋንጫውን አላገኘችም። በ1974 ዓ.ም. ከተሳተፈች በኋላ ወደ መድረኩ የተመለሰችው ከ31 ዓመታት በኋላ፣ በ2005 ዓ.ም. ነው።