የመጀመሪያውን ምላጭ ስለ መምረጥ

በመካኒሳ አቦ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ስናልፍ ጻድቁ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ትዝ ይሉናል። ሠዓሊዎች ገላቸውን ጠጕር አልብሰው ስለሚሥሏቸው፣ ምላጭ ከቶ የደረሰባቸው አይመስሉም። ሌላው ሕዝብ ግን ከጥንት ጀምሮ ከምላጭ ጋር ኖሯል። ለሕፃን ቁንጮ ሲተውለት፣ ለልጃገረድ ጋሜ ሲበጅላት፣ ኀዘንተኛም ራሱን ሲላጭ መሣሪያው እርሱ ነበር። ስሙ «ላጸየ» ከሚለው የግዕዝ ግስ ጋር የሚዛመድ ሲሆን፣ ዳዊት የደገመ ተማሪ ሁሉ በ51ኛው መዝሙር ተንኮለኛ ምላስ በተሳለ ምላጭ መመሰሉን ያውቃል። እንግዲህ መላጨት ከመሳል ተለይቶ አያውቅም ነበር።

የእንግሊዝ ሼፊልድና የጀርመን ሶሊንገን ተጣጣፊ ምላጭም ቢሆን በድንጋይ ተስሎ፣ በቆዳ ላይ ታሽቶ ነው የሚላጨው። ጂሌት የተባለው አሜሪካዊ በ1897 ዓ.ም. ለተነቃይ ስስ ምላጭ የፈጠራ መብት ካገኘ በኋላ ግን መሳሉ ቀርቶ መጣሉ ተለመደ።

ታዲያ ተጣጣፊውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ ወጣት ምንን ይመልከት? ብልጭታ ስለት አይደለም። የክንድን ጠጕር ሳይጎትት ከቈረጠ ደኅና ነው፤ ከጎተተ ግን ዶልዱሟልና፣ ባለቤቱ እጁን ባከበደ ቍጥር ቆዳውን ያቈስላል። ስለዚህ ድንጋዩንና ቆዳውንም አብሮ ይግዛ፤ መሳሉን ካልቻለ ስሱን ይምረጥ። የትኛውንም ቢይዝ ለሌላ አያውሰው፤ ከራስ ወደ ራስ የሚዞር ምላጭ በደም የሚተላለፍ በሽታ እንደሚያዛምት ዛሬ ታውቋልና።