ከፖም ዛፍ ሥር የተቀበረ ዕዳ

በ1947 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሊ ሺንአን የሚባል ቻይናዊ ከሄናን ግዛት 200 የፖም ችግኝ በአህያ ጭኖ ሻንሺ ግዛት ውስጥ ወዳለችው ትውልድ አገሩ ሉዎቹዋን ይዞ ገባ። ዛሬ ቻይና ከዓለም ፖም ግማሽ ያህሉን ታመርታለች። ከግዛቶቿ ደግሞ ሻንሺ ግንባር ቀደም ናት። ብዙ ጊዜ የሚወራው ይህ የስኬት ታሪክ ነው። እኔ ዛሬ ላወራችሁ የፈለግኩት ከዛፉ ሥር ስላለው ነው።

ሉዎቹዋን ያለችው ነፋስ ለብዙ ሺህ ዘመናት ባከማቸው ቢጫ አፈር ላይ ነው። ይህ ደጋ ወደ 640,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ የአፈሩ ጥልቀት በአንዳንድ ቦታ ከ100 ሜትር ያልፋል። ቀኑ ሞቃት፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ መሆኑ ለፖም ቀለምና ጣዕም ይሰጠዋል። ችግሩ ውሃ ነው። በዓመት የሚዘንበው ከ500 እስከ 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ አብዛኛው የሚወርደው ከሐምሌ እስከ መስከረም ነው። ዛፉ አብቦ ፍሬ በሚይዝበት በጸደይ ሰማዩ ደረቅ ነው። የከርሰ ምድር ውሃውም ሩቅ ነው።

በ1972 ኒክሰን ቤጂንግን ከጎበኘ በኋላ ቻይና 13 ግዙፍ የአሞኒያና የዩሪያ ፋብሪካዎችን ከውጭ አዘዘች። በ1970ዎቹ መጨረሻ መሬት ለቤተሰብ መከፋፈል ጀመረ። ቀጥሎ ፉጂ የተባለው የጃፓን ፖም ደጋውን አለበሰው። ገበሬው ከድህነት የሚወጣበት መንገድ አገኘ፣ ዩሪያም እጁ ላይ ነበረ። ዝናብ አይገዛም፤ ዩሪያ ግን ይገዛል። ስለዚህ ሰማይ የነፈገውን በማዳበሪያ ለማካካስ ሞከረ። ብዙዎች ከሚመከረው ሁለትና ሦስት እጥፍ ይጨምሩ ነበር።

ነገር ግን ናይትሮጅን ወደ ሥር የሚገባው በውሃ ሟሙቶ ነው። አፈሩ ደረቅ ከሆነ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ዶፍ ሲመጣ ደግሞ ናይትሬት ሆኖ ወደ ታች ይሰምጣል። ዛፉ ከልክ በላይ የወሰደውም ቢሆን ቅጠልና ቀንበጥ ያበዛል እንጂ ፍሬውን አያቀላም፤ ፖሙም በመጋዘን አይበረክትም። ተመራማሪዎች አፈሩን በጥልቀት ሲቆፍሩ፣ በብዙ አሮጌ እርሻዎች ሥር በሄክታር በሺዎች ኪሎ ግራም የሚቆጠር ናይትሮጅን ተከማችቶ አገኙ። ያረጁ ዛፎች ሥር ከ20 ሜትር በላይ ወርዶ የዘመናት ውሃ ሲጠጣ መኖሩም ታወቀ። ከላይ ፍሬው ሲለቀም፣ ከታች ውሃው እያለቀ፣ ናይትሬቱ እየተከማቸ ነበር።

«ታዲያ ውሃ ይጨመርላቸዋ!» ትሉ ይሆናል። መሬቱን በጎርፍ ማጠጣት ግን ያንኑ ናይትሬት ይበልጥ ወደ ታች ይገፋዋል። መፍትሔው ሁለቱን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ነው። ዩሪያውን ቀንሶ መከፋፈል፤ ከፊሉን ከለቀማ በኋላ ከፍግ ጋር፣ ቀሪውን በጸደይና ፍሬው ሲወፍር መስጠት። መስኖ ባለበት፣ ማዳበሪያውን በውሃ አሟሙቶ በጠብታ ማድረስ። መስኖ በሌለበት ደግሞ መሬቱን በገለባ ሸፍኖ ርጥበቱን መጠበቅ፣ ዛፉ አቅሙን ያህል ብቻ እንዲያፈራ መግረዝ። የቻይና ግብርና ሚኒስቴርም በ2015 የማዳበሪያ ፍጆታ ዕድገት እስከ 2020 እንዲቆም ዕቅድ አወጣ።

ገበሬውን መውቀስ ቀላል ነው። ያንን ሕዝብ ከረሃብ ያወጣው አንዱ ነገር ዩሪያ መሆኑም አይካድም። ስህተቱ ማዳበሪያውን ከውሃው ነጥሎ መቁጠሩ ነው።

የእኛ ችግር የተገላቢጦሽ ነው፤ ማዳበሪያ ያጥረናል። ሆኖም ለዓመታት የአፈሩ ዓይነት ሳይለይ «በሄክታር 100 ኪሎ ዳፕ፣ 100 ኪሎ ዩሪያ» ሲባል ኖረናል። አሁን የበጋ መስኖ እየሰፋ ነው፤ ፖምም ከጨንቻ አልፎ በሌሎች ደጋዎች እየተተከለ ነው። ዜናው ስንት ኩንታል ማዳበሪያ ወደብ እንደደረሰ ይነግረናል። ማዳበሪያው በተበተነበት ሳምንት አፈሩ ርጥበት ነበረው ወይ ብሎ የሚጠይቅ ግን ብዙም አልሰማሁም። ሉዎቹዋኖች ይህን ጥያቄ የጠየቁት ዕዳው ከተቀበረ በኋላ ነው። እኛ ገና ጊዜ አለን።