የዩኒቨርሲቲው ገንዘብ ቁልፍ በማን እጅ ነው?

በክሪስ ሃኒ መንገድ ሲያልፉ የጆሐንስበርግ ዩኒቨርሲቲን የሶዌቶ ግቢ ሳያዩት አይቀሩም። ከመካከላችን ልጁን እዚያ ያስገባ አለ፤ ለማስገባት የሚያስበውም ጥቂት አይደለም። ይሁን እንጂ ከሱቃችን ገቢ ቆጥበን የምንከፍለው የትምህርት ገንዘብ መጠኑ በማን እንደሚወሰን፣ ከተከፈለ በኋላም በማን ፈቃድ እንደሚወጣ ጠይቀን የምናውቅ ስንቶቻችን ነን? መልሱን ለማግኘት ጥቂት ወደ ኋላ መለስ ማለት ያስፈልጋል። ዓመታቱን ሁሉ የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

እንደሚታወቀው የሶዌቶ ተማሪዎች በጁን 16 ቀን 1976 አደባባይ የወጡት በአፍሪካንስ ቋንቋ ተማሩ መባልን ተቃውመው ነው። ከዚያ አምስት ዓመት በኋላ፣ በ1981፣ ቪስታ የተባለ ዩኒቨርሲቲ በጥቁር ሕዝብ መኖሪያ ከተሞች እንዲቋቋም ሕግ ወጣ። ሶዌቶም አንዱ ግቢ ሆነች። ሕጉን ያጸደቀው ግን ጥቁር ሕዝብ ድምፅ ያልነበረው ፓርላማ ሲሆን፣ የቪስታ ዋና አስተዳደርም የተቀመጠው ፕሪቶሪያ ነበር። በአንጻሩ እዚያው ጆሐንስበርግ ውስጥ በ1966 በሕግ ተቋቁሞ በ1968 ማስተማር የጀመረው ራንድ አፍሪካንስ ዩኒቨርሲቲ ለነጮች በአፍሪካንስ ያስተምር ነበር። በአንድ ከተማ ሁለት ዓይነት ትምህርት ቤት፣ ሁለት ዓይነት በጀት ነበር ማለት ነው።

አፓርታይድ በ1994 ካከተመ በኋላ፣ በ1997 የከፍተኛ ትምህርት ሕግ ቁጥር 101 ወጣ። በዚህ ሕግ መሠረት እያንዳንዱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚመራው ካውንስል በሚባል ጉባኤ ነው። በጉባኤው የመምህራን፣ የሌሎች ሠራተኞችና የተማሪዎች ተወካዮች ይቀመጣሉ። ሚኒስትሩ ሊሾም የሚችለው ከአምስት የማይበልጡ ሰዎችን ነው። ዋናው ቁም ነገር ግን ከአባላቱ ቢያንስ 60 በመቶው የዩኒቨርሲቲው ሠራተኛም ተማሪም ያልሆኑ ከውጭ የሚመጡ ሰዎች መሆን እንዳለባቸው መደንገጉ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ገንዘቡን የሚያወጣው ሰው ራሱን በራሱ እንዳይቆጣጠር ነው።

በ2004 ቪስታ ፈርሶ የሶዌቶው ግቢ ከራንድ አፍሪካንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተቀላቀለ። በጃንዋሪ 1 ቀን 2005 ደግሞ ይኸው ዩኒቨርሲቲ ከዊትዋተርስራንድ ቴክኒኮን ጋር ተዋሕዶ የዛሬው የጆሐንስበርግ ዩኒቨርሲቲ ተወለደ። በዚህም የነጮቹና የጥቁሮቹ ግቢ ገንዘብ በአንድ ካውንስል እጅ ገባ።

ታዲያ ገንዘቡ እንዴት ይወጣል? የዓመቱን በጀት የሚያጸድቀው ካውንስሉ ነው፤ ይሁንና እያንዳንዱን ኮምፒውተርና ወንበር እየተሰበሰበ አይገዛም። ሥልጣኑን በገንዘቡ መጠን እየከፋፈለ በውክልና ይሰጣል። አነስተኛውን ግዢ የክፍል ኃላፊ ይፈቅዳል፤ ከፍ ያለው ለጨረታ ኮሚቴ ይቀርባል፤ ከፍተኛው ወደ ፋይናንስ ኮሚቴና ወደ ካውንስሉ ይወጣል። ውክልና መስጠት ግን ከተጠያቂነት አያድንም። ብድር ለመበደር የካውንስሉ ፈቃድ የግድ ነው፤ በመንግሥት ገንዘብ የተገኘ መሬት ወይም ሕንፃ ለመሸጥ ደግሞ የሚኒስትሩ ስምምነት ይጨመርበታል። በዓመቱ መጨረሻ በውጭ ኦዲተር የተመረመረ ሒሳብ ለሚኒስትሩ ይቀርባል። የ1996ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 217 ደግሞ የመንግሥት አካል ውል ሲዋዋል አሠራሩ ፍትሐዊ፣ ሚዛናዊ፣ ግልጽ፣ ውድድር ያለበትና ወጪ ቆጣቢ እንዲሆን ያዛል።

የዚህ ውሳኔ ክብደት በ2015 በግልጽ ታየ። ካውንስሎች ለቀጣዩ ዓመት የትምህርት ክፍያ ጭማሪ ሲወስኑ ተማሪዎች በመላ አገሪቱ ተነሡ፤ በኦክቶበር 23 ፕሬዚዳንት ዙማ ለ2016 ምንም ጭማሪ እንደማይኖር አስታወቁ። ተማሪዎቹ የጠየቁት ስለ ክፍያ ብቻ አልነበረም። በኮንትራት ድርጅቶች በኩል በአነስተኛ ደመወዝ ስለሚሠሩት የጽዳትና የጥበቃ ሠራተኞችም ጮኸዋል። በዚያው ዓመት መጨረሻ የጆሐንስበርግ ዩኒቨርሲቲ እነዚህን ሠራተኞች ደረጃ በደረጃ ራሱ ለመቅጠር ተስማማ። ውል ማለት ወረቀት ብቻ አይደለም፤ የሰው እንጀራ ነው።

ይህ ሁሉ አጥር ታጥሮ ሌባ አይገባም ማለት ግን አይደለም። በ2017 በዚሁ ዩኒቨርሲቲ በካውንስሉ ሰብሳቢና በፋይናንስ ጉዳይ ኃላፊው ላይ የጥቅም ግጭት ጥያቄ ተነሥቶ ሁለቱም ከኃላፊነታቸው ለቀቁ። የጠባቂው ጠባቂ ማነው የሚለው ጥያቄ ከዚህ ይመጣል። በሕጉ ላይ በኋላ የተጨመሩት ማሻሻያዎችም የካውንስል አባላት ከዩኒቨርሲቲው ጋር በሚያደርጉት ንግድ ላይ ገደብ አጥብቀዋል።

በአገራችንስ? የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1961 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ሲቋቋም ቻንስለሩ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ነበሩ፤ ግቢውም የሰጡት የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ2023፣ ዩኒቨርሲቲው በአዋጅ ራስ ገዝ እንዲሆን ተወሰነ። ራስ ገዝነት ግን ከገንዘብ ሚኒስቴር ቁጥጥር መላቀቅ ብቻ ሆኖ ከቀረ ትርፉ ጥቂት ነው። የሶዌቶው ታሪክ የሚያስተምረን፣ ነፃነት ያገኘ ተቋም ነፃ ተቆጣጣሪም እንደሚያስፈልገው ነው።

ውድ አንባቢ፣ ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ዕድራችን ገንዘብ ያዡን ከሒሳብ ሹሙ የሚለየው፣ ገንዘብም በሁለት ፊርማ የሚያወጣው ባለመተማመን አይደለም፤ መተማመኑ እንዲዘልቅ ነው። «የጋራ ገንዘብ ባለቤት የለውም» የሚል ሰው ካለ፣ ባለቤት የሚያጣው ጠያቂ ሲያጣ ነው ይበሉት። ስለዚህ ልጅዎ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የክፍያውን ደረሰኝ ብቻ አይቀበሉ። የተማሪዎች ምክር ቤት ተወካዮች በካውንስሉ መቀመጫ እንዳላቸው ይንገሩት፤ በምርጫው ድምፅ እንዲሰጥ ይምከሩት፤ የዩኒቨርሲቲውን ዓመታዊ ሪፖርትም አብራችሁ አንብቡ። በ1981 ሶዌቶ ሳትጠየቅ ይወሰን ነበር። ዛሬ የመጠየቂያው በር ተከፍቷል፤ የሚቀረው ገብቶ መጠየቅ ነው።