ዱቡሻ

ዱቡሻ በጋሞ ዞን የሚገኝ ባህላዊ የሕዝብ መሰብሰቢያ አደባባይ ነው። የጋሞ ሕዝብ ስለ ጋራ ጉዳዩ የሚመክረው፣ ጠብ የሚያበርደውና እርቅ የሚያወርደው በዚህ ቦታ ነው። ዱቡሻ አንድ ብቻ አይደለም። የጋሞ ምድር ደሬ በሚባሉ አርባ ያህል ባህላዊ ግዛቶች የተከፈለ ሲሆን እያንዳንዱ ደሬ የራሱ ዱቡሻ አለው። በደሬው ሥር ያሉ መንደሮችም አነስ ያሉ ዱቡሻዎች አሏቸው።

አቀማመጥ

ዱቡሻ ገላጣ የሣር ሜዳ ነው። በአብዛኛው ትልልቅ ዛፎች ያጠሉበታል፤ ለመቀመጫ የሚያገለግሉ ድንጋዮችም ይኖሩታል። ቦታው የጋራ ስለሆነ ማንም የግል ይዞታው ሊያደርገው አይችልም። እንደ ቅዱስ ቦታም ይከበራል። በዱቡሻ ላይ መዋሸት ጎሜ ነው፤ ጎሜ ማለት በሰው፣ በከብትና በአዝመራ ላይ መከራ ያመጣል ተብሎ የሚፈራ የባህላዊ ሕግ ጥሰት ነው።

አሠራር

በዱቡሻ ላይ የሚደረገው ስብሰባ ዱላታ ይባላል። ስብሰባው በሽማግሌዎች ምርቃት ይከፈታል። ተናጋሪው ተነሥቶ ሐሳቡን ያቀርባል፤ ሌሎች ተቀምጠው ያዳምጣሉ። ውሳኔ የሚሰጠው በድምፅ ብልጫ ሳይሆን በመግባባት ነው። ስምምነት ካልተገኘ ጉዳዩ ለሌላ ቀን ይቀጠራል። በመንደር ዱቡሻ ያልተፈታ ጉዳይ ወደ ደሬው ዱቡሻ ይወጣል። ውሳኔውን የማይቀበል ሰው ከማኅበራዊ ኑሮ ሊገለል ይችላል።

የደሬው ካዎ ሥልጣኑን የሚያገኘው በዘር ሐረግ ነው። ሃላቃ ግን በጉባኤው ተመርጦ፣ ድግስ ደግሶና ሥርዓቱን ፈጽሞ የሚሾም ነው።

ይህ ጉባኤ ግን ለሁሉም እኩል ክፍት አልነበረም። በቀደመው ሥርዓት ሴቶች፣ እንዲሁም ማና የሚባሉት ሸክላ ሠሪዎችና ደጋላ የሚባሉት ቆዳ ፋቂዎች እንደ ሙሉ ዜጋ የመናገር መብት አልነበራቸውም።

ታሪክ

ጋሞ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ወደ ማዕከላዊው መንግሥት ተጠቃለለ። ከዚያ በኋላ ግብርና ዳኝነት በሹማምንት እጅ ቢገቡም የአካባቢው ጉዳይ በዱቡሻ መታየቱ አልቀረም። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ የገበሬ ማኅበራት ሲቋቋሙና ባህላዊ ሥርዓቶች እንደ ኋላቀርነት ሲቆጠሩ ተጽዕኖው ቀነሰ። የፕሮቴስታንት እምነት መስፋፋትም ከሃላቃ ሹመት ጋር የተያያዙ ሥርዓቶችን በብዙ ቦታዎች አዳክሟል። ሆኖም እርቅና ሽምግልና እስከ ዛሬ ቀጥለዋል።

የዱቡሻ ባህል በአገር ደረጃ ጎልቶ የታየው በመስከረም 2011 ዓ.ም. ነው። በአዲስ አበባ አቅራቢያ በቡራዩና አካባቢዋ ብዙ የጋሞ ተወላጆች በተገደሉ ጊዜ በአርባ ምንጭ ወጣቶች ለበቀል ተነሡ። የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው መንገዱ ላይ በፊታቸው ተንበረከኩ። በጋሞ ባህል እርጥብ ሣር የሰላም ምልክት ነው፤ ሣር ይዞ የተንበረከከ ሽማግሌን አልፎ መሄድም ጎሜ ነው። ወጣቶቹም ተመለሱ። በዱቡሻ የሚሠራው ሕግ ያለ ሜዳውና ያለ ድንጋዮቹ በከተማ አስፋልት ላይም እንደሚሠራ ይህ ክስተት አሳይቷል።

ጉብኝት

የዞኑ ዋና ከተማ አርባ ምንጭ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከዚያ ወደ ጨንቻ የሚወጣው መንገድ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በቀርከሃ ቤቶቹና በሽመናው በታወቀው በዶርዜ በኩል ያልፋል። ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን አባያ ሐይቅን ቁልቁል የሚያየው ኦቾሎ ደግሞ በመሰብሰቢያ ቦታዎቹ ይታወቃል፤ ፈረንሳዊው አንትሮፖሎጂስት ማርክ አቤሌስ በ1983 እ.ኤ.አ. ስለ ኦቾሎ የፖለቲካ ሥርዓት መጽሐፍ አሳትሟል።

ለጉብኝት የሚመረጠው ወቅት መስከረም ነው። በዚያን ጊዜ የዮ ማስቃላ በዓል ይከበራል፤ የተጣሉ ሰዎችም ከበዓሉ በፊት እንዲታረቁ ይጠበቃል። ዱቡሻ አሁንም የሚያገለግል ጉባኤ ስለሆነ ጎብኚ ከመግባቱና ፎቶ ከማንሳቱ በፊት ሽማግሌዎችን ማስፈቀድ ይገባዋል።

ከጋሞ በስተደቡብ ያለው የኮንሶ ሕዝብም ሞራ የሚባል ተመሳሳይ አደባባይ አለው። የኮንሶ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።