ትንሹ ጠላት ጉምባ

የገለጉ ተማሪ ስለ ጠላት ሲጽፍ፣ በ1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የወደቁበትን የመተማን ጦርነት ያነሣል ተብሎ ይጠበቃል። እኔ ግን የማነሣው የጨዋታ ውስጥ ትንሽ ጠላት ነው፤ ትንሽ ጠላት እንደማይናቅ ለቆላ ሰው የወባ ትንኝ አስተምራዋለችና።

ስሙ ጉምባ ይባላል። የጃፓኑ ኩባንያ ኒንቴንዶ «ሱፐር ማሪዮ ብሮስ» የተባለውን የቪዲዮ ጨዋታ መስከረም 3 ቀን 1978 ዓ.ም. አወጣ። ሺገሩ ሚያሞቶና ባልደረቦቹ አስቀድመው ያበጁት ጠላት ኤሊ ነበር፤ ነገር ግን ኤሊውን ማሸነፍ ለጀማሪ ከበደ። ስለዚህ ሥራው ሊያልቅ ሲል፣ በአንድ ዝላይ የሚጨፈለቅ እንጉዳይ መሳይ ጠላት ጨመሩ። የቀረው የሥዕል ቦታ ጥቂት ስለ ነበረ፣ አንዱኑ ሥዕል ግራና ቀኝ እያገላበጡ የሚራመድ አስመሰሉት። ከዚያ ወዲህ በብዙዎቹ ተከታይ ጨዋታዎች ይመላለሳል።

ጀማሪው ጉምባን ዝም ብሎ ቢጠብቀው ይሸነፋል፤ በሁለተኛው ጊዜ ግን መዝለልን ያውቃል። ይህንንም በቃል ያስተማረው የለም።

ክቡራን ወላጆች፣ ጨዋታ ጊዜ ያባክናል ስትሉ እውነታችሁን ነው፤ እኔም በዚሁ ምክንያት አንድ ፈተና ወድቄአለሁ። ሆኖም ስንቱ ጓደኛችን ከባዱን ሒሳብ አስቀድሞ አግኝቶ ደብተሩን ለዘለዓለም ዘጋ! እንግዲህ የተከበራችሁ መምህራን፣ ለታናናሾቻችን ከኤሊው በፊት ጉምባን አስቀድሙላቸው፤ ቢወድቁም እንደገና ይነሡ ዘንድ።